ቁጭ ብድግ

እናትየው የወደቁት ጠዋት ነው፣ ከመታጠቢያ ቤት ወጥተው ወደ መኝታቸው ሲመለሱ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ሁልጊዜ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር የሚሄዱት። የምንጣፉ ጫፍ ተጠቅልሎ ኖሮ እግራቸውን ያዘውና በጎናቸው ወደቁ። አልጮኹም። «ወድቄያለሁ» ብቻ አሉ፣ ሻዩ ፈልቷል እንደሚባለው ዓይነት አነጋገር።

ልጃቸው ወጥ ቤት ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን ጥላ መጣች። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ በቁመትም በጎንም ትልቅ ሴት ናት። የምትሠራው የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ የደንበኞች ስልክ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠዋት የተቀመጠች ማታ ነው የምትነሳው። ድምጿ ስለሚያምር የሥራ ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። እሷም ለምዳዋለች።

«የት ጋ ነው ያመመሽ እማዬ?»

«ዳሌዬን። ብዙም አይደለም። እስቲ አንሺኝ።»

ሬዲዮ ጎንበስ ልትል ሞከረች፤ ሆዷ አላስጎነበሳትም። እንደምንም በአንድ ጉልበቷ፣ ቀጥሎም በሌላው ተንበረከከች። እጆቿን በእናቷ ብብት አስገብታ ስትስብ ሚዛኗን ሳተችና ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የእናቷ ራስ ጭኗ ላይ አረፈ። ልትነሳ ብትል የምትይዘው ነገር አልነበረም፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ወለሉን በሁለት መዳፏ ገፋች፤ ላብ አጠመቃት እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

«ትንሽ ልረፍ» አለች። አረፈች። እንደገና ሞከረች።

«አሁን እንግዲህ ሁለታችንም ወድቀናል» አሉ እናቷ።

«እኔ አልወደቅኩም። ተቀምጬ ነው።»

«እሺ፣ ተነሺ ታዲያ።»

ስልኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የሥራ ሰዓቷም እየደረሰ ነው። ሬዲዮ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ የላይኛውን ፎቅ ጎረቤት ተጣራች። ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሕንፃው ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ስለሆኑ «ጋሽ ፊውዝ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ከተጣራች በኋላ በደረጃው ሲወርዱ ተሰማ። በሩን አንኳኩ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ክፈቱልኝ እንጂ።»

«መነሳት አቅቶን ነው ጋሽዬ።»

«ማንኛችሁ ናት ያቃታት?»

«ሁለታችንም።»

ሬዲዮ ሹራቧን አውልቃ ከእናቷ ራስ ሥር አደረገችና በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች እስከ በሩ ሄደች። ተንጠራርታ ቁልፉን አዞረችው። በሩ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እሷ ደግሞ ከኋላው ናት፤ ስለዚህ የመጣችበትን መልሳ መንፏቀቅ ነበረባት። ጋሽ ፊውዝ ከሚስታቸው ጋር ገቡ። እናትየውን እንደ ሕፃን ብድግ አድርገው አልጋቸው ላይ አሳረፏቸው። ለእሷ ግን ወንበር አመጡላት፤ ሴትየዋ ከኋላ ገፉ፣ ጋሽ ፊውዝ ከፊት ሳቡ፣ አረፉ፣ እንደገና ሳቡ። እሷ ስትቆም ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ፊውዝ ናቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሚስታቸው በነጠላቸው ጫፍ አራገቡላቸው። ቢቀልዱባት ይሻላት ነበር።

የእናትየው አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው በልዞ ነው እንጂ። ክሊኒክ ያያቸው ሐኪም እቤት እየመጣች እንቅስቃሴ የምታሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አዘዘላቸው። ከዚያ ወደ ልጅየዋ ዞሮ «እርስዎስ?» አላት። የደም ግፊቷን ለካ። ፊቱን አላጨማደደም፤ ግን እንደገና ለካ።

«መንቀሳቀስ ያስፈልግዎታል።»

«አውቃለሁ» አለች።

እውነትም ታውቃለች። ይህን ያልነገራት ሰው የለም። አንድ ጊዜ አጠገቧ የምትሠራው ባልደረባዋ፣ ሁሉም «ቀጭኗ» የሚላት፣ እየጎተተች ስፖርት ቤት ወስዳት ነበር። በማግስቱ ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ ለስንት ጊዜ እያነከሰች ሠራች። ለዚያ ብላ የገዛችው ሸራ ጫማ አልጋ ሥር ገብቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የስፖርት ነገር ሲነሳ ስቃ ወሬ ትቀይራለች። ሰነፍ አይደለችም፤ ደክሟት ነው። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳም ደክሟት ነው የምትነሳው። ውሃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ሲጮህ ይውላል፤ ማታ እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ስታስተኛ ለራሷ የሚተርፍ አቅም አይኖራትም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ጎልማሳ፣ እጇ የሚቀዘቅዝ ሴት ነበረች። ስትመጣ ሁልጊዜ ከሌላ ቤት እየተቻኮለች ነው። በመጀመሪያው ቀን የወጥ ቤቱን ወንበር ግድግዳ አስደግፋ፣ ከፍ እንዲል ትራስ ጨመረችበትና እናትየውን አስቀመጠቻቸው።

«አሁን ይነሱ። እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ማድረግ ይችላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይቀመጡ።»

እናትየው አዩዋት። «ይኸው ነው?»

«ለዛሬ ይኸው ነው።»

«እኔማ ሰው እያየኝ ብቻዬን ቁጭ ብድግ አልልም። እሷም ታድርግ» አሉ፣ በአገጫቸው ልጃቸውን እያመለከቱ።

ባለሙያዋ ሬዲዮን ከላይ እስከ ታች አየቻት። በንቀት አልነበረም፤ ልክ የምትወስድ ልብስ ሰፊ ነው የምትመስለው። «እውነቱን ለመናገር ለእርስዎም ይሆናል» አለች። «ሌላ ወንበር አለ?»

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ተነሱ፤ ተቀመጡ። ሬዲዮ ይሄ ስፖርት ነው ወይ ብላ በሆዷ እየሳቀች ጀመረች፤ ጥቂት ስትደጋግመው ግን ጭኗ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልብሷን የምታስተካክል መስላ ጠረጴዛውን ያዘች። እናቷ በጎን አይተዋታል።

«በቃ፣ አቁሙ» አለች ባለሙያዋ።

«ገና አልደከመኝም» አለች ሬዲዮ።

«ሳይደክምዎት ነው የሚያቆሙት። ነገም መድገም አለብዎ። ዛሬ ጀግና ሆነው ነገ ከሚተኙ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢሠሩ ነው የምመርጠው።» ቦርሳዋን እያነሳች ቀጠለች። «ሌላው ደግሞ የሚውሉበትን ይዩት። ስልክ ቆሞም ይነገራል። ውሃ በትልቅ ጠርሙስ ከሚይዙ በትንሽ ብርጭቆ ይያዙ፤ ባለቀ ቁጥር ይነሳሉ። ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ። ሲያቅትዎት ያርፉ፤ ማረፍ ነውር አይደለም።»

ከሄደች በኋላ እናትየው «ብዙ የተማረች ናት፤ ቁጭ ብድግ አስተምራን ሄደች» አሉ። በማግስቱ ግን ገና ሬዲዮ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበራቸው ላይ ተዘጋጅተው ጠበቋት።

እንዲህ ተጀመረ። ደስ እያላት አልነበረም። ከአውቶቡስ ቀድማ መውረዱ ከሁሉም ከበዳት፤ ከሥራ ወጥታ እግሯ ዝሎ፣ ሌላው ተሳፋሪ በመስኮት እያያት ሲያልፍ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ዳገቷን ስትይዝ ሞኝነት ይመስላት ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ መስታወት መሸጫ አለ፤ ከፊቱ አጭር የግንብ አጥር። እዚያ ስትደርስ ትቀመጣለች። ከኋላዋ የሚሸጡት መስታወቶች በሙሉ ተደርድረዋል፤ ላለማየት ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። ባለ ሱቁ አንድ ቀን ወጥቶ «እመቤቴ፣ ጀርባ ሰጡን እኮ» አላት።

«ፊቴንማ አውቀዋለሁ» አለችው።

ሳቀና ገባ። ከዚያ ወዲህ ሲያያት በእጁ ሰላም ይላታል። በዝናብ ቀን ቀድማ አትወርድም። በአንዳንድ ፀሐያማ ቀንም አትወርድም፤ ሰበብ አታጣም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ስልክ እያነጋገረች መቆም ጀመረች። የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ለዚያ ይበቃል። ስትቆም ግን ራሷ ከመከለያው በላይ ስለሚታይ ክፍሉ በሙሉ አያት። አለቃቸው ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ መጣ።

«ችግር አለ?»

«የለም። እንዲሁ ቆሜ ነው።»

ጥቂት አመነታ። «የተቀዱትን ጥሪዎች ሳዳምጥ ነበር። ስትቆሚ ትንፋሽሽ ይሰማል። ደንበኛ ደግሞ… ይገባሻል።»

ገባት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ተቀመጠች። ለብዙ ቀን አልቆመችም። ቀጭኗ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ አንድ ቀን ምሳቸውን ሲበሉ፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ «ተቀምጠሽም እኮ ትተነፍሻለሽ» አለቻት። «ስንት ዓመት አጠገብሽ ስቀመጥ የማልሰማ መሰለሽ? ቁሚ ባክሽ። ቢያንስ ለራስሽ ይጠቅምሻል።»

ከሌላ ሰው ቢመጣ ስድብ ነው። ቀጭኗ ግን ሁሌም እንዲህ ናት፤ ሳታስበው ትናገራለች፣ የተናገረችው ደግሞ ልክ ይሆናል። ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ቆመች። አለቃው አያትና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ችግሩ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ታናሽ ወንድሟ አናጺ ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ግቢ ባለው ቤት፣ ሥራውንም ኑሮውንም አንድ ላይ አድርጎ ይኖራል። ስለ መውደቁ የሰማው ዘግይቶ ነበር፣ ያውም ከጋሽ ፊውዝ። እሑድ መጣ። ሻይ ቀርቦለት አልጠጣም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቀየሚኝ። እማዬን ልውሰዳት።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? እኔ ቤት ደረጃ የለም። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ የለሽም። ስትኖሪስ…» አቆመ። ከዚያ ጨረሰው። «ራስሽን ማንሳት አቅቶሽ እሷን እንዴት ታነሻታለሽ?»

እናትየው አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ፤ በሩ ክፍት ነው። አሁን ከወንበር ሳልደገፍ እነሳለሁ ብትለው መሳቂያ መሆኗ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን፣ ወንድሟ ልውሰዳት ሲል ከውስጧ አንድ ነገር እፎይ ማለቱ ነበር። ያንን አወቀችና አፈረች።

እናትየው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። «እሄዳለሁ» አሉ።

«እማዬ፣ ማንም ሂጂ አላለሽም» አለች ሬዲዮ።

«ማንም አላለኝም። አንቺ ግን ደክሞሻል። የማላይ መሰለሽ? ስታጥቢኝ እጅሽ ላይ ይታወቃል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሟ በጭነት መኪናው መጣ። ጋሽ ፊውዝ ሻንጣውን አወረዱ። እናትየው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ቀበቶ ሲታሰርላቸው፣ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ያዩ ነበር።

ሬዲዮ ያን ሰሞን ጠግባ እተኛለሁ ብላ ነበር። ተኛች፤ ድካሙ ግን አልወጣላትም። ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ከነጫማዋ ታሸልባለች። ሁለቱ የወጥ ቤት ወንበሮች ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተቆለለ። በአውቶቡሱም እስከ ቤቷ ደጃፍ ነው የምትሄደው። ወንድሟ ጋ ስትደውል ሚስቱ «ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ» ትላታለች፤ እናቷ ራሳቸው ሲደውሉ ግን ብዙ ጊዜ አታነሳም። ምን ትላቸዋለች? እየሠራሽ ነው ወይ ብለው እንደሚጠይቋት ታውቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሰፈር ትልቁ ቧንቧ ፈንድቶ ስልኩ ፋታ በነሳበት ሰዓት፣ ቀጣዩን ጥሪ ተቀበለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት ነው። ምን ልርዳዎት?»

«ውሃማ አለ» አለ የሚታወቅ ድምፅ።

ሬዲዮ ወደ አለቃዋ ክፍል አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬ? በዚህ ቁጥር ነው የደወልሽው?»

«በሌላውማ አታነሺም። እዚህ ግን ማንሳት ግዴታሽ ነው። ሦስት ሴቶች አነሱልኝ፤ ሁሉንም የምፈልገው ልጄን ነው ብዬ ዘጋሁባቸው። አንዷማ ደግ ነበረች።»

«ይቀዳል እኮ እማዬ።»

«ይቀዳ። ስድብ አልተናገርኩ። ስሚኝ፣ የወንድምሽ ሚስት ስሠራ ፊቴ ቆማ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፣ ዶሮ የምትይዝ ነው የምትመስለው። እሷ እንዲያ ስትሆን መሥራት አልችልም። ብቻዬን ደግሞ ያስጠላኛል። አሁን የት ነሽ? ወንበር ላይ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ወንበር ላይ ነሽ። እኔም ወንበር ላይ ነኝ። በይ ተነሺ።»

የስልኩ ሰሌዳ ላይ የሚጠባበቁ ጥሪዎች መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል። በጆሮዋ ውስጥ የእናቷ ትንፋሽ ከበደ፤ ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ከዚያ አጭር የልፋት ድምፅ።

«ቆሜያለሁ» አሉ እናትየው።

ሬዲዮ ተነሳች። ተቀመጠች። ተነሳች። የሁለቱም ትንፋሽ እዚያ ጠባብ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ተደባለቀ። ቀጭኗ ዞር ብላ አየቻትና የራሷን ጥሪ ሳታቋርጥ፣ ወደ ሬዲዮ ሰሌዳ ተንጠራርታ ወረፋዋን ወደ ራሷ መስመር አዞረችው።

«በቃ፣ አቁሚ» አሉ እናቷ ትንሽ ቆይተው። «ሳይደክመን ነው የሚባለው። ነገ አንሺልኝ፤ አለዚያ እዚሁ ነው የምደውለው።»

አነሳች። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓቷ ኮሪደር ላይ ወጥታ በራሷ ስልክ ትደውል ጀመር። መስኮቱ ሥር ያለውን የእንግዳ ወንበር የሚይዝባት የለም። ከእናቷ ጋር ብዙም አያወሩም፤ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያርፋሉ። በአንዱ ቀን እናትየው «ዛሬ አልቻልኩም፣ አንቺ ሥሪና ልስማሽ» ይላሉ፤ በሌላው ቀን እሷ ናት የማትችለው፤ ያን ጊዜ ቁጭ ብላ የእሳቸውን ትሰማለች። የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ የነበረውን ልብስም አንድ ቀን አጣጠፈችው፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ለክትትል ክሊኒክ ሄደች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ትንፋሿን ይዛ ነበር። የቀነሰው ከዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሐኪሙ ግን የደም ግፊቷን ለክቶ «ጥሩ ነው» አለ፣ የተደሰተ መስሎ። «ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።»

«እንዳያቆሙ።»

እሷ አልተደሰተችም። ያን ሁሉ ጊዜ ለፍታ ልብሷ እንኳ አልሰፋትም። ከክሊኒኩ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆም አለችና ሆድ ባሳት። ማልቀስ ፈለገች፤ ለማልቀስም ደከማት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ በእግሯ ሄዳ ስትጨርስ ነው አውቶቡስ መያዝ እንደነበረባት ያስታወሰችው።

እሑድ እሑድ ወደ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። ግቢው ረጅም ነው፤ ከቤቱ በር እስከ ውጪው በር ድረስ የአናጺ ቤቱ፣ የተቆለሉ ጣውላዎችና የእንጨት ፍቅፋቂ ያለበት መንገድ አለ። እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዱበታል። ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም። ጣውላዎቹ ጋ ሲደርሱ ይቀመጣሉ።

አንድ እሑድ እዚያ ተቀምጠው ሬዲዮ ለብዙ ቀን ያብሰለሰለችውን አወጣችው። «እማዬ፣ አሁን ይሻለኛል። ብትመለሺ…»

እናትየው የጣውላውን ጠርዝ በመዳፋቸው ደባበሱት። «እዚህ ደረጃ የለም» አሉ። «ጠዋት ፀሐይ ይመታኛል። የወንድምሽ ሚስትም እጇን መዘርጋት ትታለች። እዚሁ ልሁን።»

«እሺ።»

«ከፋሽ?»

«ትንሽ። ትንሽ ደግሞ ቀለለኝ» አለች ሬዲዮ። ይህን ለእናቷ መናገር እንደምትችል አታውቅም ነበር።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ እናትየው።

ወንድሟ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አናጺ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ያን ቀን ስለተናገረው ነገር አንስቶላት አያውቅም፤ እሷም አላነሳችበትም። ሲነሱ አየ። መጥቶ ከፊታቸው፣ መንገዱ ላይ የተበታተኑትን የጣውላ ቁርጥራጮች እየለቀመ ወደ ዳር ወረወራቸው፤ እስከ በሩ ድረስ ጠረገላቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«እስከ በሩ እንሂድ?» አለች ሬዲዮ።

«ዛሬ እስከ በሩ አልችልም» አሉ እናቷ። «እስከዚያች በርሜል ይበቃኛል።»

እስከ በርሜሉ ሄዱ። እዚያ ትንሽ ቆሙ፤ ነፋስ ነበር፤ እናትየው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የወንድሟ ሚስት ምሳ ደርሷል ብላ ስትጣራ ዞሩና፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ቤቱ ተመለሱ።